መሀል አዲስ አበባ ሲኒማ ለምትገቡ ዲያስፖራዎች፦ መጀመሪያ ስለ መብራቱ ጠይቁ

አገር ቤት ገብታችሁ የአማርኛ ፊልም በትልቁ ስክሪን ማየት ካማራችሁ ግቡ፤ ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት መስኮቱ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ። ጀነሬተር አላችሁ ወይ? ፊልሙ ከተቋረጠስ ገንዘብ ትመልሳላችሁ ወይ? ለሁለተኛው የሚሰጣችሁ መልስ «ችግር የለም፣ ይመጣል» ከሆነ ገንዘባችሁ አይመለስም ማለት ነው።

ከመሀል ከተማ አዳራሾች በአንዱ፣ ስሙ ይቅር፣ የሆነው ይሄ ነው። ፊልሙ ሲጋመስ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ሳይውል ሳያድር ተነሳ፣ የመውጫ በሩ መብራት በራ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። ሕዝቡ «ጀነሬተር እየሠራ ምን ይጠብቃሉ?» ብሎ ያጉረመርማል፤ ወጥቶ የሚያስረዳ የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፕሮጀክተሩ የዜነን አምፖል ሲጠፋ እጅግ ግሎ ነው የሚጠፋው፤ ማራገቢያው ለደቂቃዎች ሳያበርደው መልሶ መለኮስ አይመከርም፤ በግድ ቢለኮስ ዕድሜው ሊያጥር ይችላል። አምፖሉ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነውና ባለሙያው ቢሳሳለት አይፈረድበትም። ፊልሙን የሚያጫውተው ሰርቨርም ራሱ ኮምፒውተር ስለሆነ ከዜሮ ተነስቶ፣ ፋይሉን ፈትሾ ነው የሚጀምረው። ሁለቱ ተደማምረው ሩብ ሰዓት ቢበሉ አይገርምም። መፍትሔው ሰርቨሩንና ማራገቢያውን ጀነሬተሩ እስኪነሳ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ የሚባል መሣሪያ ነው። እዚያ አዳራሽ ዩፒኤስ የለም።

ፊልሙ ሲመለስ ደግሞ የባሰው መጣ። ሙዚቃው ግራና ቀኝ ያስተጋባል፤ ተዋንያኑ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ንግግር የለም። 5.1 በሚባለው፣ በየአቅጣጫው ስፒከር ባለው የሲኒማ ድምፅ፣ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከስክሪኑ ጀርባ መሀል ላይ ከተቀመጠው ስፒከር ነው። የዚያ ስፒከር አምፕሊፋየር ተመልሶ ካልበራ፣ የቀረው ሁሉ ደህና እየመሰለ ፊልሙ ድዳ ይሆናል። አንድ ሰው ወደ ማጫወቻ ክፍሉ ወጥቶ የአምፕሊፋየሩን መብራት ቢያይ የሚያልቅ ሥራ ነበር። ማንም አልወጣም። የ«ቪአይፒ» ብለው ጭማሪ ያስከፈሉበት ወንበር ከጎኑ ካለው በምንም እንደማይለይ ሳልናገር ላልፍ ነበር፤ ግን ገንዘብ ተመላሽ ሲጠየቅ «ትኬቱ ላይ አይመለስም ይላል» ሲባል ይሄም አብሮ ያናድዳል። እኛ ባለንበት በአሜሪካ፣ ፕሮጀክተር ከተበላሸ አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ ቆመው ሌላ ቀን የሚያስገባ ነፃ ትኬት ያድላሉ፤ ጥያቄም የላቸው። አዲስ አበባ ግን ይቅርታ እንኳ ብርቅ ሆነ።

ይህን ያህል የማማርረው ሲኒማ ቤቱ የሚሸጠው ሌላ ነገር ስላልቀረው ነው። የአማርኛ ፊልም ከአዳራሽ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል፤ ትንሽ የታገሠ ሰው በስልኩ ያየዋል። አሜሪካም ቢሆን ፊልም አዳራሽ ገብቶ ቤት እስኪታይ ድሮ 90 ቀን ገደማ የነበረው ልዩነት ተሸርሽሯል፤ ፊልም ሠሪው ዩኒቨርሳል ከሲኒማ ቤቶቹ ባለቤት ከኤኤምሲ ጋር በ2020 እ.ኤ.አ. ሲዋዋል 17 ቀን አድርሶታል። ስለዚህ አዳራሹ ያለው ምስሉ፣ ድምፁና አብሮ የሚስቀው ሕዝብ ነው። ሳቁን ማንም አይቀማውም፤ የአማርኛ ኮሜዲ ከሞላ አዳራሽ ጋር ሲታይ ሜሪላንድ ሳሎን ውስጥ ፈጽሞ የማይገኝ ነገር ነው። ምስሉንና ድምፁን ግን ራሳቸው ናቸው ለስልክ አሳልፈው እየሰጡ ያሉት።

ቤት ማየቱም በነፃ አይደለም። ኔትፍሊክስ በኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም እስከ 6 ጊጋ ነው። በሞባይል ፓኬጅ ለሚኖር ዘመድ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ስልኩን ተውሳችሁ አትጨርሱበት። የሆቴል ዋይፋይ ካላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አውርዱት። ከውጭ የከፈታችሁት አካውንት አገር ቤትም ይሠራል፣ የፊልሙ ዝርዝር ግን እንደ አገሩ ይለያያል።

ለገባችሁ፦ ከፊት ወደ ኋላ ሁለት ሦስተኛው አካባቢ፣ መሀል ላይ ተቀመጡ፤ የስፒከሮቹ ድምፅ የሚመጣጠነው እዚያ ነው። ምስሉ እንደ ምሽት ከጨለመባችሁ አምፖሉ አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከ3ዲ ፊልም በኋላ ማጣሪያው ከሌንሱ ፊት ሳይነሳ ቀርቷል። ሁለተኛው በደቂቃ የሚስተካከል ስለሆነ ሳታፍሩ ወጥታችሁ ንገሩ። የሰዎቹ ፊት ወደ ጎን የተለጠጠ ከመሰላችሁም እንደዚያው፤ ከላፕቶፕ የሚጫወት ፊልም ላይ የምስሉ ልክ ሲሳሳት የሚመጣ ነው።

ስለ ሲኒማ ቤቶቹ ብዙ አልልም። ሲኒማ ኢትዮጵያንና አምባሳደርን ለሕንፃቸው ስትሉ እዩአቸው፤ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀውን ብሔራዊ ቴአትርንም እንዲሁ። አዲስ ወንበርና ብዙ አዳራሽ የሚፈልግ ቦሌ ይሂድ።

ክፍያውን በቴሌብር፣ በኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ገንዘብ፣ አድርጉት። የአገር ውስጥ ሲም አውጥታችሁ ከተመዘገባችሁ የግብይት ቁጥር ያለበት መልእክት ስልካችሁ ላይ ይቀራል፤ ፊልም ተቋርጦ ሥራ አስኪያጁን ስታስጠሩ፣ የተቀደደ ቁራጭ ትኬት ከያዘው ሰው ይልቅ እናንተን ይሰማል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ማታ ቶሎ ይወጣል፤ የከሰዓቱን ትርኢት ምረጡ።