በነሐሴ መጥቶ ኅዳርን ያላየ ጥናት፦ ለቡና መፈልፈያችን የተሠራው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ

ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ማኅበራችን የእሸት ቡና መፈልፈያውን ሊያስፋፋ ሲነሣ፣ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያዘጋጅ አማካሪ ድርጅት ቀጠርን። ስሙን አልጠቅስም፤ ሥራውን ግን የቁጥጥር ኮሚቴ አባል እንደመሆኔ ገጽ በገጽ አንብቤዋለሁ።

መስክ የመጣችው ባለሙያ ምስጋና ይገባታል። ከመፈልፈያው በታች ባለው ጨፌ ገብታ፣ ከቄጤማው ሥር በመረብ የጨለፈችውን ነጭ ሳሕን ላይ ዘርግታ አሳየችን። ሦስት ጭራ ያለው፣ በጎኑ ላባ የመሰለ መተንፈሻ የሚያርገበግብ ትንሽ እጭ ነበር። ውኃው ኦክስጅን ሲያጥረው ቶሎ ከሚጠፉት አንዱ ነው። እርሱ ጠፍቶ ቀይ ትል ብቻ ከበዛ ረግረጉ ታሟል፤ ቀዩ ትል በደሙ ባለው ሄሞግሎቢን ምክንያት ጥቂት ኦክስጅን ይበቃዋልና። ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ አዛውንቶች ሳይቀሩ ጅረቱ ውስጥ ድንጋይ እየገለበጡ ያያሉ። ለዚህ የወጣው ገንዘብ አይቆጨኝም።

የሚያንገበግበኝ ሪፖርቱ ነው። ልኬቱ የተወሰደው በነሐሴ፣ ጅረቱ ሞልቶ በሚፈስበት ወር ነው። እኛ ቡና የምንፈለፍለው ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ዝናቡ አባርቶ ጅረቱ በሚቀጥንበት ጊዜ ነው። ከፍሬው የሚታጠበው ጣፋጭ ዝልግልግ ሲብላላ ውኃውን ያኮመጥጠዋል፤ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ፍሳሹ በዝቶ ውኃው ባነሰበት ወቅት ካልተለካ ምኑ ተለካ? "ዝቅተኛ ተጽዕኖ" የሚለው ድምዳሜ የነሐሴ ጎርፍ ውጤት ነው።

ይባስ ብሎ የስጋቶቹ ዝርዝር ለጡብ የሚቆፈረውን ሸክላ አፈር፣ ባሕር ዛፍንና የከተማ ፍሳሽን ያስቀድማል። እነዚህ በጅማ ከተማ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ ችግሮች ናቸው፤ አዌቱ ወንዝ የጅማን ቆሻሻ ይዞ የሚወርደው ወደዚያ ነው። በእኛ ጨፌ ዙሪያ ጡብ የሚሠራ ሰው የለም። የቡና ፍሳሽ ያገኘው አንድ አጭር አንቀጽ ነው።

መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ማጠራቀሚያ ጉድጓድና ፍሳሹን የሚያጣራ ቬቲቨር የተባለ ሣር ተገቢ ነው። ሆኖም የጉድጓዱ ስፋት በቀን ከምንፈለፍለው እሸት ጋር አልተሰላም፤ ሞልቶ ከፈሰሰ ደግሞ መጀመሪያ የሚደርሰው ከብቶቻችን ከሚጠጡበት ነው።

ሌሎች ማኅበራት ይህን ድርጅት ቢቀጥሩ አልቃወምም፣ ባለሙያዋ ዕውቀት አላት። ነገር ግን ልኬቱ በኅዳር፣ ከመፈልፈያው በላይም በታችም እንዲወሰድ በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ የመጨረሻውን ክፍያም ከዚያ በፊት አይልቀቁ። እኛ በመፈልፈያው ወቅት ተመልሰው እንዲለኩ በደብዳቤ ጠይቀናል።