ፈርምዌሩ የተቀየረ አሮጌ ሲንተሳይዘር፦ ፕሮፌት-600 ወይስ ዲኤክስ7?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሠርግ የምትጫወቱ፣ ቤታችሁም ትንሽ ስቱዲዮ ያላችሁ ልጆች ይሄ ለእናንተ ነው። አሮጌ ሲንተሳይዘር ከውጭ ለማስመጣት ስትፈልጉ "ፈርምዌሩ ተሻሽሏል" የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ፤ ፈርምዌር ማለት መሣሪያውን ከውስጥ የሚመራው ፕሮግራም ነው። ዋጋውም ከፍ ይላል። ጭማሪው ግን ሁሉም ላይ አያዋጣም።

ፕሮፌት-600 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። አናሎግ ነው፣ ማለትም ድምፁን በኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ያወጣል፤ ስድስት ኖታ አብሮ ያሰማል። ድምፁን የሚያወጣው ክፍል ግሩም ነው። የሚያስቸግረው ዜድ80 የተባለው ፕሮሰሰሩ ነው። የድምፁን አነሳስና አወራረድ የሚያሰላው እሱ ስለሆነና ቀርፋፋ ስለሆነ፣ ፈጣን ባስ ስትመቱ ጥርት አይልም። ግሊግሊ የሚባለው ፈርምዌር ይሄን ይፈታል። ዜድ80ው ተነቅሎ በቦታው ቲንሲ++ 2.0 የተባለች ትንሽ ቦርድ ትገባለች። ያኔ ምቱ ቁርጥ ያለ ይሆናል። ከሌላ ኪቦርድ በሚዲ (መሣሪያዎችን በሚያገናኘው መስመር) ስትጫወቱም የጣታችሁን ጉልበት ይለያል። የራሱ ቁልፎች ግን ያኔም ጉልበት አይለዩም፤ ሲሠራ ያልተገጠመለትን ነገር ፈርምዌር አያመጣውም። አሮጌው ዜድ80 አብሮ ይሰጣችሁ፤ መመለስ ከፈለጋችሁ ያስፈልጋል።

የ1983ቱ ያማሃ ዲኤክስ7 ዲጂታል ነው፣ ማለትም ድምፁን በቁጥር አስልቶ ያወጣል፤ 16 ኖታ አብሮ ያሰማል። በውስጡ የሚያስቀምጠው 32 ዓይነት ድምፅ ነው። ውስጡ የሚገቡ የማሻሻያ ቦርዶች ማስቀመጫውን ያሰፋሉ። ድምፁ ግን ያው ነው። ለዚህ ብዙ ብር መጨመር አልመክርም።

ማሲንቆ ለምታጅቡ ሌላ ምርጫ አለ፤ የ1987ቱ ዲኤክስ7 ሁለት። የእያንዳንዱን ኖታ ከፍታ በጥቂቱ ማስተካከል ከፋብሪካው ጀምሮ ይችላል። የባቲና የአምባሰል ቅኝቶች አገር ላይ ተቀምጠን፣ ማሲንቆውን ወደ ኪቦርዱ ከምንጎትት ኪቦርዱን ወደ ማሲንቆው ብናመጣ ይሻላል። ለሠርግ ባንድ እኔ የምገዛው እሱን ነው። ለስቱዲዮ ባስ ግን ግሊግሊ የገባበትን ፕሮፌት።

የአየሩን ነገርም አትርሱ። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስትወርዱ ፕሮፌቱ ከቃናው ይወጣል። ካሞቃችሁት በኋላ ቱን (Tune) የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ዲኤክሶቹ ይሄ ችግር የለባቸውም።

ከመክፈላችሁ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ በፎቶ አስልኩ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ የኛ መብራት ደግሞ 220 ነው። የዲኤክሶቹና ግሊግሊ ያልገባበት ፕሮፌት የውስጥ ባትሪ መቼ እንደተቀየረም ጠይቁ፤ ከሞተ ያስቀመጣችሁት ድምፅ ሁሉ ይጠፋል።