የአባባ ከዘራና የቅዳሜ ገበያው ቀጥቃጭ

የአባባ ከዘራ ወይራ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ አያንስም። ከቤት እስከ ጊዮርጊስ አስፋልቱን ሲወጋ ኖሮ ጫፉ እንደታኘከ መፋቂያ ተበትኗል።

መጀመሪያ ከአንድ ሱቅ ተሠርቶ ያለቀ የብረት ቆብ ገዛሁ። ሰፊ ስለነበር ጨርቅ ጠቅልዬበት በመዶሻ አስገባሁት። ሳምንት አልቆየም። ጣና ዳር ሲንሸራሸር የሆነ ቦታ ወልቆ ቀረ። አባባም "ባዶ እግሬን አስቀረኸኝ" ብሎ ሳቀብኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ያገኘኋቸው ቀጥቃጭ ዋና ሥራቸው ማረሻና ወገል ነው። ወገሉም እኮ ያው ቀለበት ነው፤ ማረሻና ድግሩን አጥብቆ የሚይዝ። ለከዘራ የሚመጣ ሰው ብዙም የላቸውም መሰለኝ፣ አገላብጠው አዩትና "ልጄ፣ እንጨቱ ደርቋል፣ ይሆናል" አሉኝ። እርጥብ እንጨት ላይ የገባ ቀለበት እንጨቱ ሲደርቅና ሲኮማተር ይላላል። ያን ጊዜ የመጥረቢያዬ ዛቢያ ለምን እንደሚወላልቅ ገባኝ። ከነእርጥቡ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነበራ!

የተበተነውን ሁለት ጣት ያህል ቆረጡት። ከአሮጌ የውኃ ቧንቧ ቀለበት አወጡ። ከእንጨቱ ትንሽ ጠበብ ያለ ነው፤ ምስጢሩም እዚያ ላይ ነው። በወናፍ አግለው፣ በጉጠት ይዘው፣ የሰፋውን ብረት እንጨቱ ላይ ሰኩት። ጭሱ ቡልቅ አለ። ወዲያው ውኃ ውስጥ ነከሩት። ጭስስ! ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ወይራውን ነከሰው። "ጋሼ፣ ሚስማር አይመታበትም?" አልኳቸው። "ሚስማር ይሰነጥቀዋል። አንተስ የመጣኸው መሰንጠቁን ፈርተህ አይደል?"

120 ብር ከፈልኩ። ዋጋው ላይ ቅሬታ የለኝም። "አሁን ይደርሳል" ብለውኝ ከሁለት ሰዓት በላይ አቁመውኛል፤ ማረሻ የያዘ ገበሬ በመጣ ቁጥር እኔ ወደ ኋላ።

ሐምሌንና ነሐሴን አልፎ አሁንም ንቅንቅ አላለም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ ብረት ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። አባታችሁ የሚውሉት ቤት ውስጥ ከሆነ የጎማ ቆብ ይሻላል። ለዛቢያና ለውጭ መንገድ ግን የእኚህን ሰው እጅ የሚያክል አላየሁም።

ድምፁ ይረብሻል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ልጆቼ ከበር ሲሰሙት ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ደብተር መግለጥ ተምረዋል።