«መሬት ያልነካ» ጎማ ስትገዙ መጀመሪያ ጎኑን አንብቡ

የጭነት መኪና ጎማ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ከከፈልኩ በኋላ ነው የነቃሁት።

ከአራት ወር በፊት ሰባት ጎማ ገዛሁ፤ ስድስቱ ለመኪናው፣ አንዱ ለስኮርታ፣ ማለትም ለመጠባበቂያ። ሻጩ «መሬት ያልነካ ነው» አለኝ። በዚህስ አልዋሸም፤ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው የላስቲክ ፀጉር እንኳ ገና አልረገፈም ነበር። ጥቁረቱ ያብለጨልጫል። ስዳስሰው መዳፌ ጠቆረ፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሰሞኑን መኪናውን ሳጥብ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ግርጌ ዙሪያውን የሚሄድ ስንጥቅ አየሁ። ጎኑም እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ሻጩ ዘንድ ስመለስ የፊት ቀኙን ጎማ ብቻ አየና «አላይመንትህ ተበላሽቷል፣ ጭነትም ታበዛለህ፤ ጎማው ምን ያድርግ?» ብሎ ሸኘኝ። አላይመንት የሚሉት የጎማዎቹን አሰላለፍ ነው።

ክርክሩን የሚያከብደው፣ ከተናገረው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። የፊት ቀኝ ጎማዬ በውስጥ በኩል ብቻ ተበልቷል፤ ያ የመኪናዬ ጥፋት ስለሆነ በሻጩ አላሳብብም። ጎማ የሚበላበት መንገድ የመኪናውን ገመና ያወጣል። መሃሉ ብቻ ካለቀ ንፋስ በዝቶበታል፤ ሁለቱ ጠርዞች ካለቁ ንፋስ አንሶታል ወይም ጭነት በዝቶበታል። ጥርሱ በመዳፍ ሲዳሰስ በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በመልሱ እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ ነገሩ አላይመንት ነው። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ አሞርዛተሩን (ንዝረት የሚያበርደውን)፣ የጎማውን ባላንስ ወይም ኩሽኔታውን (ጎማው የሚሽከረከርበትን) አስፈትሹ። ከኋላ ጥንዶች አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያለቀ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ትልቅ ስለሆነ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ያለቀው እየተጎተተ ይላጫል።

ስንጥቁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአንድ ጎማ ላይ ብቻ ባየው ኖሮ ንፋስ አንሶት ሮጧል እል ነበር። የእኔ ግን በሰባቱም ላይ ነው፤ ሰባተኛው ስኮርታው ነው! አንድ ቀን እንኳ ጭነት ያልተሸከመ ጎማ በምን አላይመንት ተሰነጠቀ?

ባትሪ ይዤ መኪናው ሥር ገባሁ። በጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ከሚመጣው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሙሉው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚታተም፣ የፊቶቹ ያ ጎናቸው ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር የተገጠሙት። የአንዱን የኋላ ጎማ ቁጥር እጄን በጥንዶቹ መካከል አስገብቼ በጣቴ ዳስሼ ነው ያነበብኩት። 1815፤ የ2015 ዓመት 18ኛ ሳምንት ማለት ነው። እኔ ስገዛቸው ስምንት ዓመት አልፏቸዋል።

ጎማ ቢቀመጥም ያረጃል። ላስቲኩ ውስጥ ኦዞን ከሚባለው፣ ላስቲክን ከሚሰነጥቀው ጋዝ የሚከላከል ሰም አለ፤ ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ወደ ላይ እየወጣ ይሸፍነዋል። ለዓመታት ተከምሮ የኖረ ጎማ ይህን አያገኝም። ፀሐይ ካገኘው፣ ወይም በብየዳና በኤሌክትሪክ ሞተር አካባቢ የሚፈጠረው ኦዞን ከደረሰበት ይብስበታል። የሚያብለጨልጨው ቅባት ስንጥቁን ቢሸፍን እንጂ አያድነውም።

ስለዚህ ቅባቱን በጨርቅ ጥረጉ፤ የቦዩን ግርጌ በባትሪ እዩ፤ ቁጥሩ በውጭ በኩል እንዲሆን ጎሚስታውን እዘዙት። የእያንዳንዱን ጎማ ቁጥር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የእኔ ደረሰኝ «ጎማ 7» ብቻ ስለሚል ተከራክሬ መርታት አልቻልኩም። በስንጥቁ ውስጥ የብረት ክር ከታያችሁ ደግሞ ጎማውን አውርዱት እንጂ ንፋስ አትሙሉት።

ትናንት በዚያው ሱቅ በር አለፍኩ። የቀሩት ጎማዎች እንደተደረደሩ ናቸው፤ አዲስ ቅባት ተቀብተዋል።