ፒሲ12 ወይስ ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ?

ማይክሮቱቡል ከቱቡሊን ፕሮቲን የተገነባ፣ 25 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያለው ቱቦ ነው፤ ሲያድግ ቆይቶ በድንገት ይፈርሳል። ይህን ጠባዩን ነርቭ መሰል ሕዋሳት ውስጥ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ በላቦራቶሪ ከሚራቡ ሁለት የሕዋስ ዝርያዎች አንዱን፣ ፒሲ12ን ወይም ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይን፣ ይመርጣል።

ፒሲ12 በ1976 ይፋ የሆነ፣ ከአይጠ መጎጥ አድሬናል ዕጢ ዕብጠት የተገኘ ነው። የነርቭ ዕድገት ፋክተር ሲጨመርበት መከፋፈሉን ትቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ረጃጅም ቅጥያዎችን ያወጣል። ትዕይንቱ ያለው እዚህ ነው፦ በሚያድግ የማይክሮቱቡል ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ኢቢ3 የተባለው ፕሮቲን አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ከተቀጠለለት፣ እያደገ ያለው የቱቦ ጫፍ ሁሉ በቀጭኑ ቅጥያ ውስጥ እንደ ጅራታም ኮከብ ሲሮጥ ይታያል። ዕድገቱ በቆመ ቅጽበት ብርሃኑም ይጠፋል። ሕዋሱ ግን ያስቸግራል፤ እርስ በርሱ ይጓጎላል፣ ሳህኑ ኮላጅን ካልተቀባም በደንብ አይጣበቅም።

ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ ኒውሮብላስቶማ ከተባለ የሰው የነርቭ ካንሰር የመጣ ነው። ከቫይታሚን ኤ በሚገኘው ሬቲኖይክ አሲድ ቅጥያ ያወጣል፤ ሆኖም ነርቭ የሚመስሉትና የማይመስሉት ሕዋሳት ተደባልቀው ስለሚኖሩ ውጤቱ ይዘበራረቃል።

የቱቦውን ዕድገትና ፍርሰት ለመለካት እኔ ፒሲ12ን እመርጣለሁ። ጥያቄው ማይክሮቱቡልን ስለሚያጸናው የሰው ታው ፕሮቲን ከሆነ ግን አይጠ መጎጡ ቦታውን ይልቀቅ። ለነገሩ ሁለቱም የካንሰር ሕዋሳት ናቸው፤ ዋናው ግኝት በእውነተኛ ነርቭ ሕዋስ ላይ መደገም አለበት።