በጥር የተረጨው የሣር ግቢዬ

ኮምቦልቻ ያለው ግቢያችን 120 ካሬ ሜትር ያህል ሣር አለው። እናቴ ቡና የምታፈላው፣ ልጆቹም የሚቦርቁት እዚያው ላይ ነው። የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ግን በየዓመቱ ፓርቲኒየም የተባለው አረም ሣሩን ይቀድመዋል። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ስለሚችል በመንቀል ብቻ አይሸነፍም፤ እናቴም ነቅላ ስትጨርስ እጇን ስታክ ትሰነብታለች።

ዘንድሮ በጥር መጨረሻ፣ አንድም አረም ሳይታይ፣ ፔንዲሜታሊን የተባለ ፀረ አረም አስረጨሁ። ይህ መድኃኒት የበቀለውን አረም አያጠፋም፤ አፈሩ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ዘሩ ሲያጎነቁል ሥሩንና ቡቃያውን ያስቀረዋል። ስለዚህ ጊዜው ካለፈ ገንዘቡ ባከነ። የረጨልኝ ወጣት ጓንትና ጭንብል አድርጎ በጀርባ መርጫ እኩል አዳረሰው። በማግስቱ ውሃ አጠጣሁት፤ ካልረጠበ ወደ አፈሩ አይዘልቅምና። ዶሮዎቹንም ለቀናት ዘግተን አቆየን።

ሚያዝያ ላይ የቆጠርኩት ፓርቲኒየም ሰባት ብቻ ነበር። አምና በኩንታል ከረጢት ነው ያወጣነው! እንግጫውን ግን ምንም አላደረገውም፤ እሱን ከነሥሩ መቆፈር ነው። ሣሩ በሳሳበት ጥግ የዘራሁት የሣር ዘርም አልበቀለም፤ መድኃኒቱ እሱንም ይከለክላል፣ ቀድሞ የነገረኝ ግን አልነበረም።

አደራ፣ መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ መድኃኒቱን በውሃ ፕላስቲክ ቀድቶ ሊሸጥልኝ ነበር። እንዳትቀበሉ፤ የታሸገና መመሪያ የተለጠፈበት ብቻ ግዙ። ለክረምቱም ሰኔ መጀመሪያ ላይ ያንኑ ልጅ እጠራዋለሁ።