ኮንታክተር ወይስ ሶሊድ ስቴት ሪሌይ? ለጅማ ዳቦ ቤቶችና ቡና አዘጋጆች

ጅማ ውስጥ ለዳቦ መጋገሪያ፣ ለቡና መቁያ ወይም ለቡና መቀሸሪያ አዲስ ፓኔል የሚያሠራ ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ «የ40 አምፔር ስጡኝ» ይላል። አምፔሩ ያስፈልጋል። ግን የሚቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሚበራው ሂተር ነው ወይስ ሞተር? በኮንታክተርና በሶሊድ ስቴት ሪሌይ (ኤስኤስአር) መካከል የሚያስመርጠው ይሄ ነው። ሁለቱም ትልቅ ጭነት የሚያበሩና የሚያጠፉ ማብሪያዎች ናቸው፤ ኮንታክተር በማግኔት ስቦ የብረት ነጥቦችን (ኮንታክቶችን) ያገናኛል፣ ኤስኤስአር ግን በኤሌክትሮኒክስ ያበራል። ፊቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይቶ የገዛ ሰው፣ በተለይ ኤስኤስአር ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ሂተር ላይ

የመጋገሪያውን ሙቀት የሚጠብቀው ኮንትሮለር ሂተሩን ቶሎ ቶሎ ያበራል፣ ያጠፋል። በ10 ሴኮንድ አንዴ ብንል እንኳ በሰዓት 360፣ በ10 ሰዓት ሥራ 3,600 ጊዜ ነው። ሙሉ ጭነት ላይ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሠራል የተባለ ኮንታክተር በዚህ አካሄድ ከዘጠኝ ወር ብዙም አይዘልም። ፈተው ሲያዩት ኮንታክቶቹ ጠቁረዋል፣ ጎድጉደዋል፣ አንዳንዴም ተጣብቀዋል። ኤስኤስአር ደግሞ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። የሚያበራው የሚያጠፋው ውስጡ ያለው ታይሪስተር የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ነው። ድምፅ የለውም፣ ብልጭታም አይፈጥርም። ለሂተር ያለ ማመንታት ኤስኤስአር እላለሁ።

ጣጣው ሙቀት ነው። ኤስኤስአር በርቶ ሳለ አንድ ቮልት ከምናምን ራሱ ላይ ያስቀራል። በእያንዳንዱ አምፔር ከ1 እስከ 1.5 ዋት ገደማ ሙቀት ይወጣዋል ማለት ነው። በ380 ቮልት የሚሠራ 18 ኪሎ ዋት መጋገሪያ በየፌዙ 27 አምፔር ይስባል። ሦስቱንም ፌዝ በኤስኤስአር ካስኬዱ የሚወጣው ሙቀት ወደ 100 ዋት ይጠጋል። ባለ 100 ዋት አምፖል አብርቶ ፓኔል ውስጥ እንደመዝጋት ነው። ኮንታክተር በዚህ በኩል በጣም ይሻላል።

ስለዚህ ፊቱ ላይ «40 አምፔር» የሚለው በቂ ሂት ሲንክ (ሙቀቱን ወደ አየር የሚያወጣ ባለ ክንፍ ብረት) ላይ ሲታሰርና አካባቢው ቀዝቀዝ ሲል ነው። ያለ ሂት ሲንክ ጥቂት አምፔር ብቻ ነው የሚችለው። ለ27 አምፔር ሂተር እኔ 50 አምፔሩን እመርጣለሁ። ዋጋ ሲያወዳድሩም ኤስኤስአሩን ብቻ ከኮንታክተር ጋር አያስተያዩ። ሂት ሲንኩን፣ በመሃል የሚቀባውን ፔስት፣ ካስፈለገም ፋኑን ጨምረው ይደምሩ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ሂት ሲንክ እዚህ የሚያወጣው ሙቀት በባሕር ጠለል ላይ ከሚያወጣው ያንሳል። ትንሽ ተለቅ ያለውን መግዛት ብክነት አይደለም።

ቮልቴጁንም ይዩ። በ380 ቮልት መስመር ላይ የሞገዱ ጫፍ 537 ቮልት ይደርሳል። 600 ቮልት ብቻ የሚችል ኤስኤስአር እዚያ ላይ ትርፍ የለውም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣው ጭማሪ ሊቃጠል ይችላል። ለሦስት ፌዝ 1,200 ቮልት የሚችለውን ይጠይቁ።

ሲበላሽ የሚሆነው

ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄኛውን ነው። ኤስኤስአር ሲቃጠል አብዛኛውን ጊዜ በርቶ ይቀራል። ኮንትሮለሩ «አጥፋ» ይላል፣ ሂተሩ ግን መጋሉን ይቀጥላል። ሌሊት ሰው በሌለበት ዳቦ ቤት ይህ የእሳት አደጋ ነው። ኮንታክተርም ሊጣበቅ ይችላል፣ ስለዚህ አንዱን ብቻ ማመን ልክ አይደለም። ከኤስኤስአሩ በፊት አንድ ኮንታክተር ይግባ። ለብቻው የቆመ ቴርሞስታት ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ያንን ኮንታክተር ያጥፋ። ኮንታክተሩ በቀን አንዴ ሁለቴ ስለሚሠራ ዕድሜው ረጅም ነው። በዚህ ላይ ገንዘብ እንዳይቆጥቡ አደራ እላለሁ።

ኤስኤስአር ጠፍቶም ጥቂት ሚሊ አምፔር ያሳልፋል። ሂተሩን ነቅለው ጫፉን በቴስተር ቢነኩት ይበራል። ለሂተር ጉዳት የለውም፣ ለሚጠግነው ሰው እጅ ግን አለው። ጥገና ሲኖር ብሬከሩ ይውረድ። ትንሽ ሶሌኖይድ ቫልቭም በዚህች ፍሳሽ ሳይለቅ ሊቀር ይችላል።

ሞተር ላይ

እዚህ ኮንታክተር ያሸንፋል። 10 የፈረስ ጉልበት ያለው የመቀሸሪያ ሞተር ሲሠራ 15 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሲነሳ ግን ከስድስት እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። ኤስኤስአር ይህን እንዲችል በጣም ትልቅ መሆን አለበት። ኮንታክተር ላይ ደግሞ «ኤሲ-3» ከሚለው መስመር ትይዩ ያለውን አምፔር ማየት ይበቃል፤ የተሠራው ለሞተር ነው። «ኤሲ-1» የሚለው ትልቁ ቁጥር የሂተር ነው፣ እንዳያሳስትዎ። የመቀሸሪያ ሞተር በቀን ስንቴ ይነሳል? ጥቂት ጊዜ። ለዚህ የኤስኤስአር ዋጋና ሙቀት ምን ያደርጋል? ኦቨርሎድ ሪሌይ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያጠፋ) ጨምረውበት በኮንታክተር ይጨርሱ።

ኤስኤስአር ከመረጡ ሱቅ ላይ የሚታየው

«ዲኤ» የሚል ፊደል ካለው በዲሲ ታዝዞ ኤሲ ጭነት ያበራል ማለት ነው፤ ኮንትሮለርዎ የኤስኤስአር ውፅዓት እንዳለው ያረጋግጡ። ለሂተር ዜሮ ክሮሲንግ የሚባለው፣ ሞገዱ ዜሮ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚያበራው ዓይነት ይስማማል። ትራንስፎርመር ላይ ግን ያው ዓይነት ሲበራ ለቅጽበት በጣም ከፍ ያለ አምፔር ያስስባል፤ ለዚያ ሌላውን፣ በማንኛውም ቅጽበት የሚያበራውን፣ ይጠይቁ።

ተራ ብሬከር ሽቦውን ይጠብቃል እንጂ ለኤስኤስአር አይደርስለትም። ከሴሚኮንዳክተር ፊውዝ (በጣም ፈጥኖ ከሚቆርጥ) ጋር ይግዙት፣ የፊውዙ አይ ስኩዌር ቲ (I²t፣ እስኪቆርጥ ድረስ የሚያሳልፈው ጉልበት መለኪያ) ከኤስኤስአሩ ያነሰ ይሁን። ይህ ቁጥር በዳታ ሺት (የአምራቹ መግለጫ ወረቀት) ላይ አለ። ዳታ ሺት የሌለውን፣ 40 አምፔር ተብሎ እጅ ላይ እንደ ባዶ የሚቀለውን ዕቃ፣ ዋጋው ቢረክስም ይተዉት፤ አስመስለው የሚሠሩት በርካታ ነው።

ፓኔሉ ቡና መቀሸሪያ ውስጥ የሚቆም ከሆነ የገለባው ብናኝ የሂት ሲንኩን ክንፎች ይደፍናል። ክንፎቹ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብለው ይታሰሩ፤ ፋን ካለው ማጣሪያውን በመቀሸሪያው ወቅት በየሳምንቱ አውርደው ያራግፉት።